ከባርኔጣዎቹ ግርጌ የወደቀች ካርድ

ሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነው። ልብስ አጥባለሁ፣ አገር ቤት እደውላለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ናሽናል ጋለሪ ጎራ እላለሁ። መግቢያው በነጻ ነው። ዋሽንግተን ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ የገባሁት ዝናብ ይዞኝ ነበር። አሁን የምገባው አንዲት ሥዕል ለማየት ነው።

ሥዕሏ ትንሽ ናት። ቁመቷ 59 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዷ 72 ተኩል ገደማ። ሳሎን ከሚሰቀለው ቴሌቪዥን ታንሳለች። የሣላት ፈረንሳዊው ኤዱዋር ማኔ ነው፣ በ1873። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ርዕሷ በግርድፉ «በኦፔራ ቤት የጭምብል ዳንስ» ማለት ነው። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን ግብዣ «ባል» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ ቃሉ ሌላ ትርጉም ስላለው እኔ የዳንስ ምሽት እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሥዕሏ ላይ ግን የሚደንስ ሰው የለም። ዳንሱ ሌላ ቦታ ነው። እዚህ የምናየው ከአዳራሹ ውጪ ያለውን መተላለፊያ ነው። ጥቁር ኮት የለበሱ፣ ረጅም ጥቁር ባርኔጣ የደፉ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆመዋል። በመሃላቸው ጥቁር ካባ የደረቡ፣ ፊታቸውን በጥቁር ጭምብል የሸፈኑ ሴቶች አሉ። አልፎ አልፎ ደማቅ ቀለም የለበሰች ሴት ብቅ ትላለች። ከላይ ነጭ በረንዳ አለ። ከበረንዳው እግር ብቻ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ የእግሩ ባለቤት ከሥዕሉ ውጪ ናት። በግራ ጠርዝም የቀልደኛ ልብስ የለበሰ ሰው ከመሃል ተከፍሎ ግማሹ ቀርቷል።

መጀመሪያ ቀን ሳያት ደርቄ ቀረሁ። ይህን ቦታ አውቀዋለሁ አልኩ።

ሥራዬ የድግስ አስተናጋጅነት ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። በዚህ ከተማ ብዙ ሀበሻ የሚያውቀው ሥራ ነው፤ ሠርግ፣ የምርጫ ገንዘብ ማሰባሰቢያ፣ የበጎ አድራጎት እራት፣ የኤምባሲ ግብዣ። እራቱ ከመቅረቡ በፊት እንግዶቹ አንድ ሰዓት ያህል ከአዳራሹ ደጅ ቆመው ይጠጣሉ። ማኔ የሣለው ያንን አንድ ሰዓት ነው። አሥራ ስድስት ብርጭቆ በትሪ ይዤ በመሃላቸው አልፋለሁ። ጥቁር ጀርባ ብቻ ነው የሚታየኝ። «ይቅርታ» ስል ሰዎቹ ጭንቅላታቸውን አያዞሩም። ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ትከሻቸውን ሁለት ጣት ያህል ዘወር ያደርጉልኛል። በዚያች ሁለት ጣት ነው የማልፈው። ሥዕሏ ውስጥም መተላለፊያው ይህንኑ ያህል ነው።

የተቀጠርኩ ቀን ደረቴ ላይ የሚለጠፈው ስሜ አልደረሰም ነበር። አለቃዬ መሳቢያ ከፈተና የሌላ ሰው ስም አውጥቶ ሰጠኝ። «ማይክ» ይላል። ሥራውን የለቀቀ ሰው ስም ነው። ሦስት ወር ማይክ ሆኜ ሠራሁ። እንግዶች በደግነት «ማይክ፣ አመሰግናለሁ» ይሉኛል፣ እኔም ፈገግ እላለሁ። የመታኝ የለም፣ የሰደበኝ የለም። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሰው ስሙ ሲሸፈን ፊቱም አብሮ ይሸፈናል። ሠርግ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስተናገድኩት ሰውዬ በማግስቱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ አላወቀኝም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ኦፔራ ቤት የዳንስ ምሽቶች ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ሳነብም የምከታተለው ጭምብሉን ብቻ አይደለም። ስሙን ነው። በእነዚያ ምሽቶች ውስጥ ስሙ የሚታወቀው ማነው? የሚደበቀውስ? ማን ሲፈልግ ይደበቃል፣ ማን ሳይፈልግ ይጋለጣል?

ነገሩ የተጀመረው ፓሪስ ነው። በሴፕቴምበር 1715 ሉዊ 14ኛ ሞተ። ተተኪው ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ስለነበር አገሩን በእንደራሴነት የያዘው የኦርሌያኑ መስፍን ፊሊፕ ነው። ዲሴምበር 31 ቀን በኦፔራ ቤቱ ሕዝብ ከፍሎ የሚገባበት የጭምብል ዳንስ እንዲደረግ ተፈቀደ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1716 የመጀመሪያው ምሽት ተካሄደ። መሳፍንቱም፣ ነጋዴውም፣ ትኬት መግዛት የቻለ ሁሉ ጭምብል አጥልቆ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የያዘኝ ወለሉ ነው። በኦፔራ ቤት ተመልካቹ የሚቀመጥበት ወለል ከመድረኩ ዝቅ ያለ ነው። ለዳንስ አይመችም። አንድ መነኩሴ መሣሪያ ፈለሰፈ፤ ወለሉን ከፍ አድርጎ ከመድረኩ ጋር እኩል የሚያደርግ። መነኩሴ የዳንስ ወለል መሥራቱ ይገርመኛል፤ ግን ከዚያ በላይ የሚገርመኝ ውጤቱ ነው። ትናንት ተቀምጦ ሲያይ የነበረው ሰው ዛሬ ተዋናዩ በቆመበት ከፍታ ላይ ቆመ። መጋረጃ የለም። ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ይታያል። የኦፔራ ቤት ዳንስ ከሌላው ዳንስ የሚለየው በዚህ ይመስለኛል። ሰው ራሱን ሊያሳይ ወደ መድረክ የሚወጣበት ምሽት ነው፤ ሲወጣ ግን ፊቱን ሸፍኖ።

ጃንዋሪ 30 ቀን 1774 ሌሊት፣ በዚሁ የፓሪስ ዳንስ ላይ፣ አክሴል ፎን ፌርሰን የሚባል የ18 ዓመት ስዊድናዊ ወጣት ነበር። አንዲት ጭምብል ያጠለቀች ሴት ቀርባ አነጋገረችው። ብዙ አወሩ። ማን እንደሆነች አላወቀም። ማሪ አንቷኔት ነበረች፤ እሷም 18 ዓመቷ ነው፣ የአልጋ ወራሹ ሚስት። ፌርሰን በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ማንነቷ ሲታወቅ ሰው ሁሉ ከበባት፣ እሷም ወደ ሎጇ፣ ለብቻ ወደ ተከለለው የኦፔራ ቤት መቀመጫዋ፣ ሸሸች። ይህችን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አዝናለሁ። የሚያሳዝነኝ በኋላ የደረሰባት ነገር ብቻ አይደለም። ለጥቂት ደቂቃ ስም አልባ ሆና ከአንድ ልጅ ጋር ማውራት መቻሏና ያችም ደቂቃ ማለቋ ነው። ስሟ ሲመጣ ሰውነቷ ሄደ።

ፌርሰን የስዊድኑ ንጉሥ የጉስታፍ 3ኛ አገልጋይ ነበር። ንጉሡም በበኩሉ ኦፔራ ይወዳል። የስቶክሆልምን ኦፔራ ቤት ያሠራው እሱ ነው፤ በ1782 ተመረቀ። ማርች 16 ቀን 1792 በዚያው ቤት የጭምብል ዳንስ ነበረ። ንጉሡ ወደ ዳንሱ ከመውረዱ በፊት እዚያው ሕንፃ ውስጥ እራት እየበላ ሳለ ደብዳቤ ደረሰው። ሊገድሉህ አስበዋል፣ ተጠንቀቅ የሚል ነው። አነበበው። ከዚያ ሎጁ ውስጥ ሕዝብ በሚያየው ቦታ ጥቂት ቆመ። ማንም አልተኮሰም። ጥሩ ዕድል አመለጣቸው ብሎ ወደ አዳራሹ ወረደ ይባላል። ጭምብል አጥልቋል፣ ካባ ደርቧል። ግን ደረቱ ላይ የንግሥና ኒሻኑ ኮከብ ይታይ ነበር። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። ፊቱን ሸፍኖ ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፎ የገባ ሰው ነው። አለማወቅ አይመስለኝም። ንጉሥ መሆኑ እንዲታወቅ ሳይፈልግ አልቀረም።

ያኮብ ዮሃን አንካርስትሮም ከኋላ ተኮሰበት። ንጉሡ ወዲያው አልሞተም፤ ቁስሉ አመርቅዞ ማርች 29 ቀን አረፈ። ከተኩሱ በኋላ የሆነውን ነገር ግን ማንም ብዙ አያወራውም። በሮቹ ተዘጉ። እያንዳንዱ እንግዳ ጭምብሉን አውልቆ፣ ስሙን ተናግሮ፣ ስሙ ተጽፎ ነው የወጣው። አስቡት። ማታ ስም አልባ ለመሆን ከፍሎ የገባ ሰው ሁሉ በር ላይ ተሰልፎ «እኔ እገሌ ነኝ» ይላል። ገዳዩም ስሙን ተናግሮ ወጣ። የተያዘው በማግስቱ፣ ወለሉ ላይ የተጣለው ሽጉጥ ለጠመንጃ ሠሪ ታይቶ ነው። ንጉሡ ያን ሌሊት የለበሰው ልብስና ጭምብሉ ዛሬም ስቶክሆልም በሚገኝ ሙዚየም ተቀምጠዋል።

ታሪኩ ለኦፔራ የተሠራ ይመስላል። ተሠራም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኦቤር በ1833 ለፓሪስ ኦፔራ ሠራው። ከዚያ ጣሊያናዊው ቬርዲ ያዘው፤ ለናፖሊ ከተማ። ነገር ግን ጃንዋሪ 14 ቀን 1858 ጣሊያናዊው አብዮተኛ ፌሊቼ ኦርሲኒና ጓደኞቹ ናፖሊዮን 3ኛ ኦፔራ ሊያይ ሲመጣ በፓሪስ ኦፔራ ቤት ደጅ ቦምብ ወረወሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ተረፈ፤ ሰዎች ግን ሞቱ። በዚያ ሰሞን ንጉሥ የሚገደልበት ኦፔራ ለናፖሊ ሳንሱር የሚዋጥ አልነበረም። ቬርዲ ሥራውን ይዞ ወደ ሮም ሄደ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1859 ሲታይ የስዊድኑ ንጉሥ ጠፍቷል። በቦታው የቦስተን ገዢ ሪካርዶ አለ። ዜማው ቀረ፣ ስሙ ተፋቀ። ዛሬ ብዙ ኦፔራ ቤቶች ጉስታፍን ስሙን መልሰውለት ያሳዩታል።

ቦታው ወደ አሜሪካ ሲዞር አንድ ሌላ ሰውም አብሮ ተለወጠ። በስቶክሆልም ኡልሪካ አርቪድሶን የምትባል በእውን የኖረች ጠንቋይ ነበረች፤ ጉስታፍ ራሱ ሄዶ አስነግሯል። በቬርዲ ኦፔራ ውስጥ ኡልሪካ ጥቁር ሴት ሆነች። መጀመሪያው ክፍል ላይ አንድ ዳኛ ከአገር ትባረር ብሎ ሲያመለክት ስለ ደሟ ርኩስነት ይናገራል። ጥቁር ስለሆነች ነው። በዚያ በሚያምር ሙዚቃ መሃል። ዛሬ ብዙ ቦታ ያንን ቃል ይለውጡታል። ሲጻፍ ግን እንዲያ ነው የተጻፈው።

አሁን ከጋለሪው በእግር አርባ ደቂቃ ያህል ወደሚያስኬደው የሊንከን መታሰቢያ ልውሰዳችሁ። በ1939 ማሪያን አንደርሰን የምትባል ጥቁር ዘፋኝ እዚህ ዋሽንግተን ልትዘፍን ነበር። የኮንስቲትዩሽን አዳራሽ ባለቤቶች ጥቁር ስለሆነች ከለከሏት። ኤፕሪል 9፣ በፈረንጆች ፋሲካ ዕለት፣ የሊንከን ደረጃ ላይ ቆማ ዘፈነች። 75,000 ሰው ቆሞ ሰማት። እኔ የሥራ ጓደኞቼን ይዤ ደረጃው ላይ ስቀመጥ ይህን ሁልጊዜ አነሣለሁ። ብዙዎቹ ማርቲን ሉተር ኪንግን እንጂ እሷን አያውቋትም።

ከአሥራ ስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 1955፣ አንደርሰን በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ ወጣች። በዚያ መድረክ አንድ ሚና ይዞ የዘፈነ ጥቁር ዘፋኝ ከእሷ በፊት አልነበረም። 57 ዓመቷ ነበር። የድምፅዋ ወርቃማ ጊዜ አልፏል። ገና አፏን ሳትከፍት ሕዝቡ አጨበጨበላት። የዘፈነችው ምን ነበር? ኡልሪካን። የቬርዲን «የጭምብል ዳንስ»።

ይህን ሳውቅ ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በሩ ሲከፈትላት የተከፈተው ዳኛው ደሟን በሚሰድባት ሴት በኩል ነው። ሌላም ነገር አለ። ኡልሪካ የምትታየው መጀመሪያው ክፍል ላይ፣ በአንድ ትዕይንት ብቻ ነው። ዳንሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ኦፔራው በስሙ በተጠራበት ምሽት እሷ የለችም። ሞቱን አስቀድማ ተናግራ ትሄዳለች። ሻንዴሊያሩ ሲበራ፣ ዳንሱ ሲጀመር፣ ጭምብሉ ሲጠለቅ አንደርሰን ከመድረክ ጀርባ ናት። ይህንን ሁኔታ በእግሬ አውቀዋለሁ። ድግሱን አሰናድቶ፣ ሙዚቃው ሲጀምር በጓሮ በር መውጣት።

አንደርሰንን ወደ ሜትሮፖሊታን የጋበዛት ሩዶልፍ ቢንግ ነው። የቪየና ልጅ ነው። ስለዚህ ወደ ቪየና እንሂድ፤ ለነገሩ ስለ ኦፔራ ዳንስ የሚያወራ ሰው ቪየናን ሊያልፋት አይችልም።

የአክስቴ ልጅ ቪየና ነው የምትኖረው። ከፈረንጆች ትልቁ ጾም በፊት ያለው የመጨረሻው ሐሙስ ሲደርስ ትደውልልኛለች። እዚያ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ አሥር ነው። ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ያስተላልፈዋል፤ እኔ በስልኬ፣ እሷ ሳሎኗ ሆና አብረን እናያለን። ከ140 በላይ የሚሆኑ ጥንዶች ተሰልፈው ይገባሉ። ልጃገረዶቹ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጓንት፣ ራሳቸው ላይ ትንሽ አክሊል። ወጣቶቹ ፍራክ የሚባለውን፣ ከኋላው ጭራ ያለውን ጥቁር ኮት። ቫልስን ወደ ግራ እየዞሩ መደነስ የግድ ነው፤ ያልቻለ አይገባም። መጨረሻ ላይ «አሁን ሁሉም ቫልስ!» የሚል ትዕዛዝ ይሰማና ወለሉ ለሁሉም ይከፈታል። የአክስቴ ልጅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትለው፤ «መቶ አርባ ሙሽራ፣ አንድም ሠርግ የለም።»

እውነቷን ነው። ድሮ እንዲህ ያለው ምሽት ለጋብቻ የደረሰችን ልጅ ለማኅበረሰቡ ማሳያ ነበር። የእኛም ሰው «ልጄን ለወግ ለማዕረግ» የሚለው ነገር አለው፤ ስለዚህ ስሜቱ አይጠፋንም። ዛሬ ልጆቹ ባል ፍለጋ አይሄዱም። ቢሆንም የልባቸው ምት በስልኬ መስታወት ይታየኛል። አንዷ ስትገባ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እርምጃ እየቆጠረች ነው። ይህን አልንቅም። ለአንድ ሌሊት ቆንጆ ሆኖ፣ ተጠንቅቆ፣ ከሌላው ጋር እኩል ረግጦ መግባት ትልቅ ነገር ነው።

ቪየና ግን ከድሮዋ ፓሪስ በአንድ ነገር ትለያለች። ጭምብል የለም። ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ በ1877 በኦፔራ ቤቱ ምሽት እንዲደረግ ሲፈቅድ ዳንስ አልነበረበትም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ሰዉ ደነሰ። አሁን ባለው ስሙ የተጀመረው በ1935 ነው። ማርች 12 ቀን 1945 ኦፔራ ቤቱ በቦምብ ተቃጠለ። ኖቬምበር 5 ቀን 1955 እንደገና ተከፈተ፤ በማግስቱ ዓመት ዳንሱ ተመለሰ። ዛሬ ወንበሮቹ ተነቅለው ወለሉ ከመድረኩ ጋር እኩል ይሆናል፤ ያው የመነኩሴው ሐሳብ። 5,000 ያህል ሰው ይገባል። አንድ ሎጅ ከ20,000 ዩሮ በላይ ነው። እዚያ የሚገባ ሰው ሊደበቅ አይሄድም። ስሙን ይዞ፣ ስሙን ሊያስጠራ ነው የሚሄደው። ሪቻርድ ሉግነር የሚባል የሕንፃ ሥራ ባለሀብት ከ1992 ጀምሮ በየዓመቱ ዝነኛ ሰው እየከፈለ ያመጣ ነበር፤ ሃሪ ቤላፎንቴን፣ ሶፊያ ሎረንን። ስም በገንዘብ ሲገዛ እንዲህ በግልጽ የታየበት ቦታ አላውቅም። ከ1987 ጀምሮ ደግሞ ደጅ ላይ ተቃዋሚዎች ይሰለፋሉ። እነሱም የዚያ ምሽት አካል ሆነው ቀርተዋል።

በ2014 ሉግነር ያመጣት ኪም ካርዳሺያንን ነበር። በዚያ ምሽት አንድ ሰው ፊቱን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ቀረባት፤ የያኔ እጮኛዋን፣ ዘፋኙን ካንዬ ዌስትን ለመምሰል። ቀድማ ወጣች ተብሎ ተዘገበ። የአክስቴ ልጅ ያን ሌሊት ደውላ ነገሩን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተቀይሯል። «ጭምብል ክልክል በሆነበት ቤት» አለችኝ፣ «አንድ ጭምብል ገባ። እሱም የእኛ ፊት ነው።» ምንም መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ጥበብ ይህን ምሽት ሲነካው ብዙ ጊዜ በደጅ ወይም በጓሮ የቆመውን ሰው ነው የሚያስታውሰው። ኦስትሪያዊው ዮሴፍ ሃስሊንገር በ1995 ባሳተመው ልብ ወለድ በዳንሱ ምሽት እንግዶቹ በመርዝ ጋዝ ያልቃሉ። ታሪኩን ከሚተርኩት ዋናው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። ልጁ ከሟቾቹ አንዱ ነው። ልጁ እንግዳ አልነበረም። ካሜራ ይዞ ሥራ ላይ ነበር።

ከዚያ ቀለል የሚለው የሪቻርድ ሆይበርገር ኦፔሬታ፣ ማለትም አስቂኝ ቀላል ኦፔራ፣ ነው። ጃንዋሪ 5 ቀን 1898 ቪየና ታየ፤ ታሪኩ ግን የሚካሄደው ፓሪስ ነው። ሁለት ሚስቶች ባሎቻቸውን ሊፈትኑ ስም የሌለው ደብዳቤ ይልካሉ፤ ኦፔራ ዳንስ ላይ ሮዝ ካባ ለብሳ የምትጠብቅህ ሴት አለች የሚል። የቤት ሠራተኛዋ ኦርታንስ ደብዳቤውን ታይና የራሷን ሦስተኛ ደብዳቤ ለአንድ ወጣት መርከበኛ ትልካለች። እሷም ሮዝ ካባ ትለብሳለች። ሦስት ሮዝ ካባ፣ ማን ማን እንደሆነ የማይለይበት። ከኦፔሬታው ዛሬ ድረስ ሰው የሚያዜመው አንድ ዜማ ነው፤ ለብቻ ወደ ተከለለ ክፍል እንሂድ የሚል ቀስ ያለ ቫልስ። የሚዘፍኑት ባልና ሚስቶቹ አይደሉም። ሠራተኛዋና መርከበኛው ናቸው። ሌላው ተረስቶ የቀረው የእሷ ዘፈን ነው። መጀመሪያ ስሰማው አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ፣ ከሌሊት ሥራ ስመለስ። እግሬ ስር ያለው ወለል ከፍ ያለ መሰለኝ።

ለሁሉም ሴት ግን እንዲህ አልቀናትም። ፈረንሳዊው ደራሲ ባልዛክ የአንዱን ትልቅ ልብ ወለዱን መጀመሪያ በ1824 የፓሪስ ኦፔራ ዳንስ ላይ ያስቀምጠዋል። አንዲት ጭምብል ያጠለቀች ወጣት የምትወደውን ሰው ክንድ ይዛ ትሄዳለች። ደስ ብሏታል፣ ሌላው ሰው አይታያትም። ያለፈ ሕይወቷን ከዳር ቆመው የሚያዩ ወጣቶች ያውቁታል። ከመካከላቸው አንዱ ስሟን ይጠራል። «ኤስቴር!» ሳታስበው ዞር ትላለች። ያችው ዞር ማለት በቃች። ጭምብሉ ፊቷ ላይ ነው፣ አልወለቀም፤ ግን ተገፈፈ። ስም እንዲህ ነው። እናታችን የጠራችን ያህል ሰውነታችን ሳንፈቅድለት ይመልሳል። ማይክ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ምሽት የሆነ ሀበሻ እንግዳ ከሩቅ በስሜ ጠራኝ። ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

አሁን ወደ ማኔ ልመለስ። በሥዕሏ ላይ ጭምብል ያጠለቁት ሴቶቹ ብቻ መሆናቸውን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ወንዶቹ ፊታቸው ገሃድ ነው። ማንነታቸው ቢታወቅ ምን ይጎዳቸዋል? ምንም። ጓደኞቹን ነው ሞዴል ያደረጋቸው፤ ሙዚቀኛው ሻብሪዬ አንዱ ነው። በስም የሚታወቁ፣ የተከበሩ ሰዎች። ሴቶቹ ግን ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ናቸው። አንዷ እጇን አንድ ወንድ ይዟታል። ስትስቅ ይሁን ስትሸሽ አይታወቅም። ማኔ ቆንጆ ድግስ መሣል ይችል ነበር፤ ሻንዴሊያሩን፣ ቫልሱን። እሱ የመረጠው መተላለፊያውን ነው። ገበያ የሚመስለውን ቦታ።

የሣለው አዳራሽ ለ ፔልቲየ መንገድ ላይ የነበረው ኦፔራ ቤት ነው፤ ያ ኦርሲኒ ደጁ ላይ ቦምብ የወረወረበት። በኦክቶበር 1873 መጨረሻ ተቃጥሎ አመድ ሆነ። በ1874 «ሳሎን» የሚባለው የፓሪስ የሥዕል ኤግዚቢሽን ዳኞች ሥዕሏን አንቀበልም አሉ። የገዛት ግን ዣን ባፕቲስት ፎር ነው፤ ራሱ በኦፔራ ቤቱ የሚዘፍን ባሪቶን። እየዘፈነ ከመድረክ ላይ ያያቸው የነበሩትን ሰዎች ገንዘብ ከፍሎ ቤቱ ሰቀላቸው። ከእጅ ወደ እጅ ዞራ በ1982 በስጦታ ዋሽንግተን ገባች።

በቀኝ በኩል አንድ ጢማም ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ቆሟል። ብዙ ባለሙያዎች ማኔ ራሱ ነው ይላሉ። በዚያ ጥግ፣ ወለሉ ላይ፣ ከሰዉ ጫማ አጠገብ አንዲት ትንሽ ነጭ ካርድ ወድቃለች። የዳንስ ካርድ ነች፤ ሴት ከማን ጋር እንደምትደንስ የምትጽፍባት። ካርዷ ላይ ስም አለ። ለማንበብ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

ባለፈው ሰኞ ጎንበስ ብዬ ሳይ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። በእንግሊዝኛ ራቅ በል ይላል። ቀና ስል የጥበቃ ልብስ የለበሱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። አዩኝና ወዲያው ቋንቋቸውን ቀየሩ።

«ልጄ፣ ያገር ልጅ ነህ እንዴ? በጣም ተጠጋህ፣ ትንሽ ራቅ በል።»

«ይቅርታ ጋሼ። ስሙን እያነበብኩ ነው።»

«የቱን ስም?»

አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉ። ክፍሉን ግራና ቀኝ ቃኙ። ማንም የለም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ።

«ወይ ጉድ» አሉ። «ስንት ዓመት እዚህ ቆሜ።»